ጠዋት ቀዶ ሕክምና፣ ማታ ቤት፤ አስታማሚ ሊያውቀው የሚገባ



በካንሰር የታመሙ ወገኖችን ወደ ከተማ ሆስፒታል መላክ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሥራ አይደለም። የመጓጓዣ ገንዘብ ይዋጣል፤ የሪፈር ወረቀት ይጻፋል፤ ጸሎት ይደረጋል፤ ሕመምተኛዋም ተሸኝታ ትሄዳለች። ቀዶ ሕክምናው ተፈጽሞ «በሰላም ወጣች» የሚል ወሬ ሲደርስ ሁሉም እፎይ ይላል። ብዙ ሰው የሚያስበው፣ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀናት በሆስፒታል ተኝታ፣ ነርሶች እየተመላለሱ አይተዋት፣ ስትጠነክር ትወጣለች ብሎ ነው።

ዛሬ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም። አንዳንድ የካንሰር ቀዶ ሕክምናዎች ጠዋት ተደርገው ሕመምተኛዋ በዚያው ቀን ማታ ወደ ቤቷ የምትመለስባቸው ሆነዋል። ይህ አሠራር ጥቅም አለው። አልጋ ለሌላ ሕመምተኛ ይተርፋል፤ ወጪ ይቀንሳል፤ በሆስፒታል ውስጥ ከሚተላለፍ ኢንፌክሽን ታመልጣለች፤ በለመደችው ቤትም ታርፋለች። ይሁን እንጂ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። በዚያች ሌሊት የነርሷ የጥበቃ ሥራ ወደ አስታማሚው እጅ ይተላለፋል። አስታማሚ ከሌለ፣ ወይም ኖሮ ምን መጠበቅ እንዳለበት ካላወቀ፣ በሆስፒታል በሚገባ የተሠራው ሥራ በቤት ሊበላሽ ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ የጡት ካንሰርን እንደ ምሳሌ እንወስዳለን። ምክንያቱም በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚታዩት የካንሰር ዓይነቶች ብዛቱን የያዘው እርሱ ነው፤ ደግሞም ቀዶ ሕክምናው ብዙ ጊዜ በዕለቱ ለመሸኘት የሚያመች ነው። አብዛኛው ምክር ግን በሌላ ቀዶ ሕክምና በዕለቱ ለሚሸኙ ወንዶችም ሴቶችም ያገለግላል።

አሠራሩ እንዴት ተጀመረ?

ሕመምተኛን በዕለቱ መሸኘት አልጋ ስለጠበበ ትናንት የተፈጠረ ዘዴ አይደለም። ጀምስ ኒኮል የተባለ ቀዶ ሐኪም በስኮትላንድ በግላስጎ ከተማ፣ በሕፃናት ሆስፒታል የተመላላሽ ክፍል፣ በ10 ዓመት ውስጥ 8,988 ቀዶ ሕክምናዎች መደረጋቸውንና ልጆቹ ሳይተኙ ወደ ቤታቸው መመለሳቸውን እ.ኤ.አ. በ1909 ጽፎ አሳወቀ። በዚያ ዘመን ይህ ብዙዎችን ያስገረመ ነገር ነበር። ኒኮል ግን ልጆቹን እንዲሁ አልበተናቸውም። ለሚያጠቡ እናቶችና ለሕፃኖቻቸው በሆስፒታሉ አቅራቢያ ትንሽ ቤት ተከራይቶ ነበር፤ ነርሶችም ልጆቹን በየቤታቸው እየሄዱ ይጎበኙ ነበር። ሥራው የሚሳካው ቤቱ ለማስታመም የሚመች ሲሆን መሆኑን ከመጀመሪያው ተረድቶት ነበር ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970 ዋላስ ሪድና ጆን ፎርድ የተባሉ ሁለት የሰመመን ሐኪሞች በአሜሪካ በፊኒክስ ከተማ፣ ከሆስፒታል የተለየ፣ በዕለቱ ለሚሸኙ ሕመምተኞች ብቻ የሚያገለግል የቀዶ ሕክምና ማዕከል ከፈቱ። በ1980ዎቹ ደግሞ ፕሮፖፎል የተባለው፣ በቶሎ የሚያስተኛና በቶሎ የሚለቅ መድኃኒት በሥራ ላይ ሲውል ነገሩ ይበልጥ ተስፋፋ። በኒውዮርክ ከተማ የሚገኘው ታዋቂው የሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2016 በዕለቱ ወይም አንድ ሌሊት ብቻ አድረው ለሚሄዱ የካንሰር ሕመምተኞች የተለየ የቀዶ ሕክምና ሕንፃ ከፍቷል።

ነገሩ ያለ ክርክር አልሄደም። በ1990ዎቹ በአሜሪካ፣ ጡታቸው በሙሉ የተወገደላቸው ሴቶች የመድን ድርጅቶች ወጪ ለመቆጠብ ሲሉ በዕለቱ እንዲወጡ ይገደዳሉ ተብሎ ታላቅ ቁጣ ተነሥቶ ነበር። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። በዕለቱ መሸኘት በሐኪም ፍርድና በተዘጋጀ ቤት ሲሆን መልካም ነው፤ ገንዘብ ለማዳን ብቻ፣ ቤቱ ሳይጠየቅ ሲሆን ግን ሸክሙን በደካማዋ ላይ መጣል ነው።

የትኛዋ ሕመምተኛ በዕለቱ ትሸኛለች?

በጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና፣ ዕጢው ብቻ ከዙሪያው ጥቂት ጤናማ ሥጋ ጋር ሲወጣ፣ ወይም ለምርመራ ናሙና ሲወሰድ፣ ወይም ከብብት ጥቂት ንፍፊቶች ብቻ ሲወጡ ሕመምተኛዋ አብዛኛውን ጊዜ በዕለቱ ልትሸኝ ትችላለች። ጡቱ በሙሉ ሲወገድ በአንዳንድ አገሮች በዕለቱ ይሸኛሉ፤ በሌሎች ቦታዎች አንድ ወይም ከዚያ በላይ ሌሊት ያድራሉ። ሆድ ወይም ደረት ተከፍቶ የሚሠራ ከባድ ቀዶ ሕክምና ግን ከዚህ ውጪ ነው።

«ጡቱ በሙሉ ካልወጣ ሕክምናው ጎዶሎ ነው» የሚሉ ሰዎች አይጠፉም። ይህ ትክክል አይደለም። በአሜሪካ በርናርድ ፊሸር፣ በጣሊያን ኡምቤርቶ ቬሮኔዚ የመሯቸው ሁለት ጥናቶች ሴቶችን ለ20 ዓመት ከተከታተሉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤታቸውን አወጡ። ዕጢው ገና ትንሽ ሳለ ለተገኘባቸው ሴቶች፣ ዕጢውን ብቻ አውጥቶ የጨረር ሕክምና መጨመር፣ ጡትን በሙሉ ከማውጣት ጋር የተካከለ ዕድሜ እንደሚሰጥ አረጋገጡ። ነገር ግን «የጨረር ሕክምና መጨመር» የሚለውን ቃል ልብ በሉት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሐኪሙ የሚመለከተው የቀዶ ሕክምናውን ዓይነት ብቻ አይደለም። የልብ ወይም የመተንፈስ ሕመም አለባትን? የስኳር ሕመሟ ተቆጣጥሯልን? የምታድርበት ቤት ከሆስፒታሉ ምን ያህል ይርቃል? አብሯት የሚያድር ሰው አለን? እነዚህን ይጠይቃል። ሕመምተኛዋ ከሩቅ ገጠር የመጣች ከሆነች፣ ወይም ብቻዋን ከሆነች፣ አንድ ሌሊት በሆስፒታል እንድታድር መጠየቅ ነውር አይደለም። ነውሩ «ሰው አለኝ» ብሎ ዋሽቶ ለብቻ ማደር ነው።

ከመግባቷ በፊት

ከሰመመን በፊት ሆድ ባዶ መሆን አለበት። ይህ ከጾም ሥርዓት ጋር አይገናኝም። ሰውነት ሲደነዝዝ በሆድ ያለው ምግብ ወደ ላይ ተመልሶ ወደ ሳንባ ሊገባና ሊገድል ስለሚችል ነው። በተለመደው መመሪያ ጠንካራ ምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት ቀደም ብሎ ይቆማል፤ ንጹሕ ውኃ እስከ 2 ሰዓት ድረስ ይፈቀዳል። ሆስፒታሉ ከዚህ የተለየ ሰዓት ከነገራት የሆስፒታሉን ቃል ትከተል። ወተት ወይም አጥሚት እንደ ምግብ ይቆጠራል፤ «ጉንጭ ማርጠቢያ ነው» ተብሎ አይሰጥ።

የምትወስደውን ክኒን ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ ለሐኪሙ ትናገር። የጥፍር ቀለም ወይም ሂና ካላት አስቀድማ ትጠይቅ፤ በጣቷ ላይ የሚደረገው ትንሽ መሣሪያ የደሟን ኦክስጅን የሚለካው በብርሃን ነውና ቀለም ሊያሳስተው ይችላል። ልብሷ ከፊት የሚከፈት ይሁን። ማታ ስትወጣ እጇን ወደ ላይ አንሥታ በራስ የሚጠለቅ ቀሚስ መልበስ ያስቸግራታልና።

ሰመመንና መንቃት

ሰመመን የጥልቅ እንቅልፍ ዓይነት ይመስለናል። እንቅልፍ ግን አይደለም። የተኛን ሰው በመርፌ ብትወጉት ይነቃል፤ በሰመመን ያለ ሰው ግን አይነቃም። መድኃኒቱ አእምሮን፣ ትውስታንና የሕመም ስሜትን በአንድነት ይይዛል፤ መተንፈስንም ያደክማል። ስለዚህ የሰመመን ባለሙያው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከራስጌዋ አይለይም።

ቀዶ ሕክምናው ሲያልቅ መድኃኒቱ ይቆማል። ከመድኃኒቱ ከፊሉ በትንፋሽ ይወጣል፤ ከፊሉ ከደም ወጥቶ ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ይሠራጫል፤ ከዚያ በጉበትና በኩላሊት ቀስ እያለ ይወገዳል። ሕመምተኛዋ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ዓይኗን ትገልጣለች፣ ስሟን ስትጠየቅ ትመልሳለች። ነገር ግን መድኃኒቱ ገና በሰውነቷ አለ። ዓይን መገለጥ የመንቃት መጀመሪያ ነው፤ መንቃት የሚፈጸመው ግን ቀስ በቀስ፣ እስከ 24 ሰዓት በሚደርስ ጊዜ ውስጥ ነው። ይህን አንድ ነገር የተረዳ አስታማሚ የቀረውን ሁሉ በቀላሉ ይረዳዋል።

በማገገሚያ ክፍል ውስጥ የሚታዩ፣ ቤተ ሰብን የሚያስደነግጡ፣ ነገር ግን የተለመዱ ነገሮች አሉ። አንዳንዶች ጥርሳቸው እስኪንቀጫቀጭ ይንቀጠቀጣሉ። አንዳንዶች ያለ ምክንያት ያለቅሳሉ። ጉሮሮ ይከረክራል፤ ለመተንፈሻ የገባው ቱቦ ስለ ነካው ነው። አፍ ይደርቃል፤ ያቅለሸልሻል። አንድን ጥያቄ ሦስትና አራት ጊዜ ደጋግመው የሚጠይቁ አሉ። ይህ ሁሉ አእምሮዋ ተነካ ማለት አይደለም፤ በሰዓታት ውስጥ የሚያልፍ ነው።

ትውስታን በሚመለከት ልዩ ጥንቃቄ ያሻል። ከቀዶ ሕክምና በፊት ለማረጋጋት ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ፣ በዚያ ጊዜ የተነገረው ነገር በአእምሮ እንዳይቀረጽ ያደርጋሉ። ሕመምተኛዋ ቁጭ ብላ፣ ዓይኗን ገልጣ፣ «እሺ ዶክተር፣ ገብቶኛል» ልትል ትችላለች፤ በማግስቱ ግን ሐኪሙ ማነጋገሩንም ላታስታውስ ትችላለች። ስለዚህ ትእዛዙን የሚሰማው አስታማሚው መሆን አለበት፤ በጽሑፍም መያዝ አለበት።

መቼ እንደምትሸኝ የሚወሰነው በግምት አይደለም። አንቶኒዮ አልድሬቴ የተባለ የሰመመን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣው፣ እስከ ዛሬም የሚሠራበት የነጥብ አሰጣጥ አለ። እጅና እግሯን ማንቀሳቀሷ፣ አተነፋፈሷ፣ የደም ግፊቷ፣ ንቃቷና የቆዳዋ መልክ (ዛሬ በመልክ ፈንታ የኦክስጅን መጠን) ለእያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 2 ነጥብ ይሰጣል። ድምሩ ከ10 ቢያንስ 9 ሲሆን ከማገገሚያ ክፍል ትወጣለች። ይህ ግን ከክፍሉ ለመውጣት እንጂ ወደ ቤት ለመሄድ አይደለም። ወደ ቤት ለመሄድ ደግሞ የደም ግፊቷና የልብ ምቷ የተረጋጋ፣ ሳይዞርባት መራመድ የምትችል፣ ማቅለሽለሿ የተገታ፣ ሕመሟ በክኒን የሚታገሥ፣ ቁስሉም የማይደማ መሆን አለበት። የመጨረሻው መመዘኛ አብሯት የሚሄድና የሚያድር አዋቂ ሰው መኖሩ ነው። በብዙ ሆስፒታሎች ይህ ካልተሟላ ሌላው ሁሉ ቢሟላም አትሸኝም።

ከሆስፒታሉ በር ከመውጣታችሁ በፊት

አስታማሚው የሚከተሉትን ጠይቆ ጽፎ ይያዝ።

1. ምን ተሠራ? ዕጢው ብቻ ነው የወጣው ወይስ ሌላም? ከብብት ንፍፊት ተወስዷልን?
2. የትኛው ክኒን፣ በስንት ሰዓት፣ ለስንት ቀን? የመጀመሪያው መቼ ይዋጥ?
3. ፋሻው መቼ ይፈታ? ገላ መታጠብ የሚቻለው ከመቼ ጀምሮ ነው?
4. ድሬን የሚባለው ቱቦ ካለ እንዴት ይራገፋል?
5. በሌሊት አንድ ነገር ቢፈጠር ወደየት ስልክ ይደወላል፣ በየትኛው በር ይገባል?
6. የፓቶሎጂ ውጤት መቼና ከየት ይወሰዳል? ቀጠሮው ቀኑ መቼ ነው?

መንገዱ

በተጨናነቀ ታክሲ ቆማ ወይም ተጣብቃ እንድትሄድ አታድርጉ። የሚቻል ከሆነ ኮንትራት ታክሲ ያዙ። በቀበቶውና በደረቷ መካከል የታጠፈ ነጠላ ወይም ትንሽ ትራስ አድርጉ። ቢያስመልሳት የሚሆን ፌስታል ያዙ። በዕለቱ በአውቶቡስ ወደ ሩቅ አገር መጓዝ ፈጽሞ አይገባም። በመንገድ መካከል ደም ቢፈስሳት የሚረዳት የለምና ቢያንስ የመጀመሪያዋን ሌሊት፣ ሐኪሙ ካዘዘም ከዚያ በላይ፣ ከሆስፒታሉ ሳትርቅ ትደር።

የመጀመሪያው ሌሊት

ለ24 ሰዓት መኪና አትንዳ፤ ምጣድና ድስት ከእሳት አታውርድ፤ ሕፃን ለብቻዋ አትያዝ፤ የውል ወረቀት አትፈርም፤ ጠላ፣ ጠጅ ወይም ሌላ መጠጥ አትቅመስ። «ደህና ነኝ» ብትልም ያው ነው። ደህንነት ተሰምቷት ሳለ መድኃኒቱ ገና ከሰውነቷ አልወጣም።

መጀመሪያ ውኃ በትንሽ በትንሹ፣ ከዚያ ሾርባ ወይም ቀጭን አጥሚት፣ ከተስማማት ቀለል ያለ ምግብ ትውሰድ። በርበሬና ቅቤ የበዛበት ወጥ በመጀመሪያው ማታ ማቅለሽለሽን ያባብሳል። ቡና ለለመደች ሰው የራስ ምታቱ ከቡና መቅረት ሊመጣ ስለሚችል፣ ሆዷ ከተረጋጋ ጥቂት ቡና አይከለከልም። የዕጣኑና የቡና ቁላው ጢስ ግን ከክፍሏ ይራቅ።

ሕመምን መቻል እንደ ጀግንነት የሚቆጠርበት ልማድ አለን። እዚህ ላይ አያገለግልም። ቀዶ ሐኪሙ በቁስሉ ዙሪያ የሚወጋው ማደንዘዣ በሰዓታት ውስጥ ይለቃል፤ ብዙ ጊዜ ሕመምተኛዋ ከተኛች በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ ሕመሙ እስኪጠና ሳይጠበቅ የታዘዘው ክኒን በሰዓቱ ይሰጣት። ሕመም የበረታባት ሴት በደንብ አትተነፍስም፣ አትነሣም፣ አትንቀሳቀስም፤ ይህም ለሳንባ ሕመምና ለደም መርጋት ያጋልጣል። ፓራሲታሞል ከታዘዘ ለአዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ባለ 500 ሚሊ ግራም ክኒን ከ8 መብለጥ የለበትም፤ ሰውነቷ በጣም የከሳ ወይም የጉበት ሕመም ያለባት ከሆነች ከዚህም ያነሰ ነው። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ፓራሲታሞል ስላለባቸው አትደራርቡ። እንደ ትራማዶል ያሉ ጠንካራ ማስታገሻዎች ሆድ ያደርቃሉና ውኃና አትክልት አብዙላት።

በሌሊት ሁለትና ሦስት ጊዜ ተነሥታችሁ እዩአት። ስሟን ስትጠሩ ትመልሳለችን? አተነፋፈሷ የተስተካከለ ነውን? ፋሻው ደረቅ ነውን? በፋሻው ላይ ጥቂት ደም መታየቱ የተለመደ ነው፤ ጠርዙን በእስክሪብቶ ብታከብቡት እየሰፋ መሄድ አለመሄዱን ታውቃላችሁ። ወደ መጸዳጃ ስትሄድ ደግፏት። መጀመሪያ ትቀመጥ፣ ጥቂት ትቆይ፣ ከዚያ ትቁም።

የብብቱን ንፍፊት ለይቶ ለማግኘት ሰማያዊ ቀለም ተወግቶላት ከሆነ፣ ሽንቷ ለአንድ ሁለት ቀን አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ሊመስል ይችላል። ይህ ሌላ በሽታ አይደለም፤ ቀለሙ እየወጣ ነው።

ድሬን ካላት፣ በታዘዘው ጊዜ እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ አራግፉትና መጠኑን በወረቀት ጻፉ። መጀመሪያ ደም የመሰለው ፈሳሽ ውሎ አድሮ እየገረጣ ይሄዳል። ብዙ ሆስፒታሎች ቱቦውን የሚያወጡት በ24 ሰዓት ውስጥ የሚጠራቀመው ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲሆን ነው። የጻፋችሁት ወረቀት ለሐኪሙ ፍርድ ይጠቅማል።

ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች

ፋሻው በደም ሲርስና ሲሰፋ፤ ጡቱ ወይም ደረቱ በድንገት አብጦ ሲወጠር፤ ትንፋሽ ሲያጥራት ወይም ደረቷን ሲወጋት፤ ስትጠራ በቀላሉ ሳትነቃ ስትቀር፤ ውኃ እንኳ ሳይረጋላት ሲያስመልሳት፤ 8 ሰዓት ሙሉ ሽንት ሳይመጣ ሲቀር፤ በኋለኞቹም ቀናት ትኩሳቷ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን፤ ቁስሉ ሲቀላ፣ ሲግል፣ መግል ሲያወጣ፤ አንድ ባቷ አብጦ ሲያማት። ለእነዚህ «እስኪነጋ እንጠብቅ» ማለት አይገባም።

በሚቀጥሉት ቀናት

በቁስሉ ላይ ቅቤ፣ ፌጦ ወይም ሌላ ቅጠል አታድርጉ። ቁስሉ በሆስፒታል የተዘጋው ንጹሕ ሆኖ ነው፤ እርሱን መክፈት ለጀርም በር መክፈት ነው። እጇን ጨርሳ እንዳትይዘው፣ እንደታዘዘላት ቀስ እያለች ታንቀሳቅሰው፤ ያልተንቀሳቀሰ ትከሻ ይደርቃል። ነገር ግን እንስራ መሸከም፣ እንጨት መፍለጥ፣ ልጅ ማዘልና ሊጥ ማቡካት ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ለሌሎች ይተው።

ጠያቂዎችም አንድ ነገር አስቡ። በፍቅር የምንሳሳመው ትከሻ ለትከሻ እየገጨን ነው። ያ ትከሻ የተቀደደው ጡት ያለበት ወገን ሊሆን ይችላል። ከሩቅ ሰላም በሏት። በመጀመሪያው ማታ ቤቱን ከመሙላት ተራ ብታወጡ ይሻላል፤ አንዷ ምግብ ታምጣ፣ ሌላዋ ልጆቹን ትያዝ፣ ሌላዋ በማግስቱ ልብስ ትጠብ።

ቁስሉ ዳነ ማለት ሕክምናው አለቀ ማለት አይደለም

በዕለቱ ተሸኝታ በሳምንት ቁስሏ የደረቀ ሴት «ቀላል ነበር፣ ተገላገልሁ» ብትል አይፈረድባትም። ብዙ የሚጠፋውም እዚህ ላይ ነው። በዕለቱ መሸኘት ቀዶ ሕክምናው አጭር መሆኑን እንጂ ካንሰሩ ቀላል መሆኑን አያሳይም። የወጣው ሥጋ ወደ ፓቶሎጂ ምርመራ ይሄዳል። ዕጢው ምን ዓይነት እንደ ሆነ፣ ጠርዙ ንጹሕ መሆኑ፣ ንፍፊቱ ተነክቶ እንደ ሆነ የሚታወቀው ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ነው። ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና፣ ኬሞቴራፒ፣ የጨረር ሕክምና ወይም ለዓመታት የሚወሰድ ክኒን የሚታዘዘው በዚህ ውጤት ነው። ቀደም ብለን እንዳልነው፣ ዕጢውን ብቻ ማውጣት ጡትን በሙሉ ከማውጣት ጋር የተካከለው ጨረር ሲጨመርበት ነው። የጨረር ሕክምና በአገራችን ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት በሌሎች ከተሞችም መጀመሩ መልካም ዜና ነው፤ ወረፋው ግን ቀላል ስላልሆነ ቀጠሮ ያለፈባት ሴት ብዙ ታጣለች።

ቤተ ሰብ «ደንግጣ ትጎዳለች» ብሎ የበሽታውን ስም ይደብቃት ይሆናል። የማሰብ ምክንያቱ ፍቅር ነው። ነገር ግን ምን እንደታመመች ያላወቀች ሴት ለምን ሦስትና አራት ጊዜ ወደ ከተማ እንደምትመላለስ አይገባትም፤ ስለዚህ ትቀራለች። በሰከነ ሰዓት፣ በምታምነው ሰው ፊት፣ ሐኪሙ ራሱ ቢያስረዳት ይሻላል። እንዲሁም ተጸልዮላት የተሻላት መስሎ የተሰማት እህት ቀጠሮዋን እንድትተው ማንም አይምከራት። ጸሎትና ቀጠሮ የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም።

ለጉባኤዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች

ከሁሉ አስቀድሞ፣ አንዲት ሕመምተኛ ስትላክ በጀቱ የአንድ ሰው ሳይሆን የሁለት ሰው ይሁን፤ የአስታማሚው መጓጓዣና ምግብ ተጨማሪ ቸርነት አይደለም፤ የሕክምናው ክፍል ነው። ሁለተኛ፣ በከተማ ያላችሁ ምእመናን በሆስፒታል አቅራቢያ ለሁለትና ለሦስት ሌሊት አንድ አልጋ የምታውሉ ቤተ ሰቦችን ስም አስመዝግቡ። ኒኮል ከመቶ ዓመት በፊት በግላስጎ የተከራየው ቤት ሥራው ይኸው ነበር። ሦስተኛ፣ አስታማሚው ማንበብ የማይችል ከሆነ ጥያቄዎቹን የሚጽፍለት አንድ ሰው መድቡ። አራተኛ፣ የውጤቱና የቀጠሮው ቀን በፕሮጀክቱ መዝገብ ይጻፍ፤ ከሳምንት በፊት ደውላችሁ አስታውሱ፤ የመመለሻውንም ገንዘብ ቀድማችሁ አዘጋጁ።

ይህ ሁሉ ትልቅ ገንዘብ ወይም ልዩ ሙያ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የሚያድር ሰው፣ የሚጻፍ ወረቀትና የማይረሳ ቀጠሮ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ሥራውን በጥቂት ሰዓት ይፈጽማል፤ የቀረው በአስታማሚው እጅ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አንዲት እህት ከአጥቢያችሁ ስትላክ «ማን ይቀድዳታል?» ብላችሁ እንደምትጠይቁ ሁሉ፣ «ያችን ሌሊት ማን ያድርላታል?» ብላችሁ ደግሞ ጠይቁ።